ጌም መቼ ያስተምራል?

ደሴ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቤቴ ልጆች አስጠናለሁ። ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። አንድ ቀን አንዲት እናት የአራተኛ ክፍል ልጇን ይዛ መጣች። በሌላው እጇ ስልኳን ይዛለች።

«ልጄ፣ አንቺ ዳኚን» አለችኝ። «አባቱ ‹የሒሳብ ጌም ነው፣ ይማርበት› ይላል። እኔ ደግሞ ጌም ያው ጌም ነው እላለሁ። ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቁርጡን ለመናገር መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ ተጫወት» አልኩት።

ጌሙ የመኪና ነው። መኪናው ይከንፋል፣ ሳንቲም ይለቅማል፣ ጉድጓድ ይዘላል። በየመሃሉ መንገዱ ይዘጋና ጥያቄ ብቅ ይላል፦ 7 × 8። ከሥሩ አራት መልስ ተደርድሯል። ልጁ ጥያቄውን አላነበበውም። መልሶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ መነካካት ጀመረ። ከአራቱ አንዱ መገኘቱ አይቀርም፤ መንገዱ ተከፈተ። ዓይኑ ያለው ከቁጥሩ ጀርባ በቆመችው መኪና ላይ ነው። በአስር ደቂቃ ውስጥ 14 ጥያቄ አለፈ። ስልኩን ተቀበልኩትና «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ይኸው!» አለች እናቱ።

ስለዚያ ጌም ልክ ነበረች። ስለ ጌም ሁሉ ግን እንደዚያ ማለት አይቻልም። የሚያስተምር ጌም አለ፤ የማያስተምርም አለ። ሁለቱን ለመለየት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ልጁ ለማለፍ በጭንቅላቱ ምን መሥራት አለበት? ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ «ትምህርታዊ» የሚለውን ማስታወቂያ ለጊዜው ተዉት። ልጁ ለማሸነፍ የግድ የሚያስበው ነገር ምንድን ነው? የሚማረው እሱን ነው። ያ ልጅ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጣት ማፍጠን ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ በደንብ ተምሮታል።

ኬላ የሆነ ጥያቄ

ይህን ነገር በሙከራ ያሳዩ ሁለት ተመራማሪዎች አሉ። ጄኮብ ሃብጉድ እና ሻሮን ኤይንስወርዝ ይባላሉ፤ እንግሊዝ አገር ነው የሠሩት። ጥናታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች «ዞምቢ ዲቪዥን» የሚባል የማካፈል ጌም አዘጋጁ። ተጫዋቹ ከአጽሞች ጋር ይዋጋል። እያንዳንዱ አጽም ደረቱ ላይ ቁጥር አለው። የተጫዋቹ ምቶችም የራሳቸው ቁጥር አላቸው። አጽሙ የሚወድቀው ቁጥሩን ያለ ቀሪ በሚያካፍል ምት ሲመታ ነው። 15 የተጻፈበት አጽም መጣ እንበል። በ2 ብትመቱት አይወድቅም። በ3 ወይም በ5 ከሆነ ይወድቃል።

ከዚያ የዚሁ ጌም ሌላ ዓይነት ሠሩ። ሥዕሉ ያው፣ ውጊያው ያው፣ የማካፈል ጥያቄዎቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው። በሁለተኛው ውጊያው ውስጥ ቁጥር የለም። ጥያቄዎቹ የሚመጡት አንዱ ደረጃ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ነው። ልክ እንደዚያ የመኪና ጌም።

እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው ሲጫወቱ፣ ቁጥሩ ውጊያው ውስጥ ያለበትን የተጫወቱት ልጆች የበለጠ ተማሩ። በፈለጋችሁት ተጫወቱ ተብለው ሲለቀቁ ደግሞ በዚህኛው ላይ ያሳለፉት ጊዜ በሌላኛው ካሳለፉት ሰባት እጥፍ ሆነ።

እኔ ለወላጆች የማስረዳው በኬላ ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ኬላ ያውቃል። ኬላ ላይ ስትቆሙ የምታስቡት ስለ ኬላው አይደለም፤ ቶሎ ስለማለፍ ነው። ጥያቄ ኬላ ሲሆን ልጁም እንደዚያው ያደርጋል። ይገምታል፣ ይነካካል፣ ያልፋል። ጥያቄው ራሱ መንገዱ ሲሆን ግን፣ መሄድ ማለት ማሰብ ማለት ይሆናል።

ይሄ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ገበጣ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አፍሳችሁ ከማደላችሁ በፊት፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ በልባችሁ ትቆጥራላችሁ። ካልቆጠራችሁ ትሸነፋላችሁ። መሃል ላይ አስቁሞ «አራት ሲደመር ሦስት ስንት ነው?» የሚላችሁ የለም። መቁጠሩ ራሱ ጨዋታው ነው። ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ያያችሁት ያ ዝምታ የስሌት ዝምታ ነው።

አገር ስጠኝ

ጌም ልጅን ለምን እንዲህ ይይዘዋል? መልሱን ከራሳችን ቤት እንጀምረው።

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ተብሎ ይጀመራል። ጠያቂው እንቆቅልሹን ይጥላል። መላሹ ይሞክራል፣ ይስታል፣ እንደገና ይሞክራል። ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ደሴን ሰጠሁህ።» «ደሴ ገብቼ ምን አጥቼ…» እያለ ጠያቂው ከተማውን ከዳር ዳር ይመገብና መልሱን ይናገራል። ከዚያ ሌላ እንቆቅልሽ ይቀጥላል።

እዚህ ውስጥ ልብ በሉ። ልጁ ተሳስቷል፤ ግን ማንም አላሳፈረውም። የከፈለው ዋጋ አንድ ከተማ ነው፤ ነገ ሌላ አለው። ልክ መሆን አለመሆኑን ያወቀው ወዲያው ነው። መልሱንም ያገኘው ጥያቄው ገና ትኩስ ሆኖ፣ ጭንቅላቱ እያሳከከው ሳለ ነው።

አሁን ከክፍል ጋር አስተያዩት። ልጁ ሰኞ የቤት ሥራ ይሠራል። ደብተሩ ታርሞ የሚመለሰው ምናልባት በሳምንቱ ነው። ያን ጊዜ ኤክስ የተደረገበትን ያያል፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ግን ረስቶታል። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሳሳት ደግሞ ሃምሳ ስልሳ ልጅ ያየዋል። አስተማሪውን አልወቅስም። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ ወዲያው መመለስ ከሰው አቅም በላይ ነው። ጌም የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በሰከንድ ውስጥ፣ ሳይሰለች ይመልስለታል። ሲሳሳትም ማንም አያይበትም።

ሌላም አለ። ጥሩ ጌም ልጁ ያለበትን ያውቃል። ቀላል ሲሆንበት ያከብድበታል፣ ሲያቅተው ዝቅ ይልለታል። ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል የሶቪየት የሥነ ልቦና ሊቅ ከ90 ዓመት በፊት ይህን አስረድቶ ነበር። ልጅ ደህና አድርጎ የሚማረው ብቻውን በሚችለውና ጨርሶ በማይችለው መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው አለ። በትንሽ እገዛ የሚደርስበት ቦታ ማለት ነው። የሌቨል አሠራር ያችን ቦታ ፍለጋ ነው።

ሃሁ እና አቡጊዳ

የማስጠናቸው ልጆች ውስጥ የፊደል ጊዜያቸው የተቆረጠባቸው አሉ። በ2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ክፍል እየቆጠሩ አልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ግን እስካሁን ሲያነቡ ይደናቀፋሉ። ስለዚህ የፊደል ጌም የሚባል ነገር ሲመጣ ጓጉቼ ነው የማየው።

አብዛኛው ግን የኤ ቢ ሲ ጌም ላይ ሀ ሁ የተለጠፈበት ነው። ፊደል ይመጣል፣ ልጁ ይነካዋል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ኮከብ ይዘንባል። ችግሩ ምንድን ነው? የእኛ ፊደል እንደ ኤ ቢ ሲ ተራ ዝርዝር አይደለም። 33 ቤት በ7 ዓምድ ነው። አንድ በአንድ የሚቆጥረው ልጅ 231 ቅርጽ መሸከም አለበት። አሠራሩን ያወቀ ልጅ ግን ሸክሙ ይቀለዋል። «ቡ»ን፣ «ሉ»ን፣ «ሱ»ን አስተያይቶ ከወገቡ ወጣ ያለችው ጭረት «ኡ» እንደምትል ይደርስበታል። ከዚያ አይቶት የማያውቀውን «ጡ» ራሱ ይገምታል። አንዳንድ ቤት ከሥርዓቱ ያፈነግጣል፤ ቢሆንም ብዙው ይሄዳል። ጥሩ የፊደል ጌም ማለት ልጁ ይህን አሠራር ሳይደርስበት የማያልፍበት ጌም ነው። «በ» እና «ጡ» ሰጥቶ «ቡ»ን ከተበታተኑ ፊደላት ውስጥ እንዲያወጣ የሚያደርግ፣ እንደዚያ።

የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ በዜማ ይወርደዋል። መሃል ላይ ጣት አድርጋችሁ «ይቺ ማን ናት?» ስትሉት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ እየዘመረ ካልደረሰባት አያውቃትም። ያወቀው ዜማውን ነው። ለዚህም ከሃሁ ቀጥሎ አቡጊዳ አለ፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ቤቱም ዓምዱም ተቀያየረ። ዜማ አያወጣውም፤ ፊደሏን ማየት ግዴታ ነው። እኔ አቡጊዳን የማየው በጥበብ እንደተሠራ ሁለተኛ ደረጃ አድርጌ ነው። በሉህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችንም አይቻለሁ። ሉሁ ታጥቦ ቀጣዩ የሚጻፍለት የያዘውን በኡስታዙ ፊት ሲያደርስ ነው። ጓደኛው ቢቀድመውም ባይቀድመውም የራሱ ተራ አለው።

ስለዚህ የፊደል ጌም ስታወርዱ አቡጊዳን አስቡ። ፊደላቱን በቅደም ተከተል ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ልጁ እየዘመረ ያልፋል።

ወንጪ እና ታንዛኒያ

«ታብሌት ስጧቸውና ራሳቸው ይማራሉ» የሚል ሐሳብ አለ። መነሻው በከፊል እዚሁ አገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው የውጭ ድርጅት ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። የታሸገ ካርቶን ነው የተተወላቸው። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት የኤ ቢ ሲ መዝሙር ዘመሩ። በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከመክፈት ደረሱ።

ዜናው ዓለምን አስገረመ። እኔን ግን የልጆቹ ብልህነት አላስገረመኝም። የአገሬን ልጆች አውቃለሁ። መሣሪያ መልመድና ማንበብ መቻል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኤ ቢ ሲ መዝሙር ደግሞ ከወንጪ ልጅ አፍ በጣም ሩቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ታንዛኒያ ውስጥ ሰፋ ያለ ሙከራ ተደረገ። ዋናው ሽልማቱ 10 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ዓለም አቀፍ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ልጆች ያለ አስተማሪ ማንበብ፣ መጻፍና መቁጠር የሚማሩበት መተግበሪያ መሥራት ነበረባቸው፤ በልጆቹ ቋንቋ፣ በስዋሂሊ። ታንጋ አካባቢ ወደ 170 መንደሮች ውስጥ ለ15 ወራት ተሞከረ። ከመጀመሩ በፊት ከልጆቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። በመጨረሻው ያ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች ሽልማቱን እኩል ተካፈሉ።

ግማሹን በሁለት መንገድ አየዋለሁ። ትምህርት ቤት ላላገኘ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል፣ 15 ወር ሙሉ ታብሌት ይዞ ማንበብ ያልቻለም ብዙ ነው። ጌም አስተማሪ የሌለበትን ክፍተት ትንሽ ይሞላል። ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ምን እንደሚሆን አንድ ቀን በቤቴ ያየሁትን ልንገራችሁ።

«ከዜሮ በታች አለ እንዴ?»

ስክራች የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አሜሪካ በሚገኘው ኤም አይ ቲ የተሠራ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ልጆች በእሱ የራሳቸውን ጌም ይሠራሉ። ትዕዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ እየተገጣጠሙ ይሰካካሉ። ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛ አለበት። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ጌም ሊሠሩ ተነሱ። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። ሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ፍየል ይገባበታል። የጦሳን ተራራ አረንጓዴ አድርገው ከላይ ሳሉት። ኮምቦልቻን ከታች አስቀመጡ። ያም ልክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850።

የስክራች መድረክ መሃሉ ዜሮ ነው። ወደ ላይ እስከ 180፣ ወደ ታች እስከ −180 ይሄዳል። ልጅቷ ከፍታውን የሚቀይረውን ጡብ አነሳችና 10 ጻፈች። ማስጀመሪያ የሆነውን አረንጓዴ ባንዲራ ስትጫን ሚኒባሱ ወደ ሰማይ ወጣ።

«ኧረ በረረ!» አለ ልጁ።

5 አደረገችው። አሁንም ወጣ፣ ቀስ ብሎ። 1 አለችው። ወጣ፣ በጣም ቀስ ብሎ። 0 አለችው። ቆመ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ ከዜሮ በታች አለ እንዴ?»

ስንት ዓመት አስጠንቻለሁ። ኔጌቲቭ ቁጥርን ብዙ ልጅ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ፈልጎት የጠየቀኝ ልጅ ግን አልነበረም። −5ን አሳየኋት። ሚኒባሱ መውረድ ሲጀምር ሁለቱም ጮኹ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጌሙ አስተማራት ብዬ እመሰክር ነበር። ግን አላለቀም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወረቀት ላይ −5 እና −10 ጻፍኩ። «የቱ ይበልጣል?» አልኳት።

«አስሩ» አለች ሳትጠራጠር። «እሱ ቶሎ ኮምቦልቻ ይደርሳላ!»

አያችሁ? ምክንያቷ ሙሉ ነው። በጌሙ ውስጥ −10 ፈጣን ነው። ፈጣን ደግሞ ትልቅ ይመስላል። ጌሙ ስሕተቷን ሊነግራት አይችልም፤ ምክንያቱም በጌሙ ውስጥ አልተሳሳተችም። ያን ጊዜ ሰው ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርን። ዜሮን መሃል ላይ አደረግን። «ኮምቦልቻ ያለ ሰው ነው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ወይስ ደሴ ያለ?» አልኳት። ጣቷ መስመሩ ላይ ወረደ፣ ወጣ። «እንዴ! ታዲያ −10 እኮ ዝቅ ያለ ነው» አለች።

ስለዚህ ለወላጅ አጥብቄ የምለው አለ። ልጁ ከተጫወተ በኋላ አምስት ደቂቃ አናግሩት። «ስንት ነጥብ አመጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እንዴት አለፍከው? ያቃተህ የቱ ጋ ነው? ለምን እንደዚያ አደረግክ?» በሉት። ስታወሩ ደግሞ ነገሩን ከስክሪን አውጡት፤ ወደ ወረቀት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ሰኞ ገበያ። በጌም ውስጥ የቻለውን ልጅ ውጭ ላይ በራሱ አያመጣውም። ድልድዩን የሚሠራው ሰው ነው።

ስለ ሽልማት እና ስለ ሰዓት

ኮከብና ሳንቲም የሚያዘንቡ ጌሞች ብዙ ወላጅ ይወዳል። እኔ እጠነቀቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ መሳል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሽልማቱን ሰጧቸው። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ግን እነዚያ ልጆች በራሳቸው ፈቃድ የሚስሉበት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ፊት ለደስታ ይስሉ ነበር፤ አሁን ለክፍያ ሆነ። ማንበብ የሚወድን ልጅ በሳንቲም የሚያስነብብ ጌምም እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ጨርሶ የማይወደውን ነገር ለማስጀመር ሽልማት ሊረዳ ይችላል። የሚወደውን ግን ባትነኩበት ጥሩ ነው።

የሰዓቱን ነገር ሁሉም ይጠይቀኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመክርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስን አስገብቷል። ለዚያ ግን ዝም ብሎ ብዙ መጫወት አይበቃም። ማቆም አለመቻል፣ ከሁሉም ነገር ጌምን ማስቀደም፣ ሕይወቱ እየተበላሸም መቀጠል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል የቆየ ሲሆን ነው። ትምህርት እየፎረፈ ፕሌስቴሽን ቤት የሚውል ልጅ ያለው ወላጅ መጨነቁ ተገቢ ነው። ልጁ የሚሄደው ለኳሱ ጌም ብቻ እንዳልሆነ ግን አብሮ ይወቅ። ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው።

ያላችሁን ስልክ ይዛችሁ

ብዙው ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱም የእናት ወይም የአባት። ስለዚህ ማይንክራፍትን የመሰሉ ትልልቅ ጌሞችን አላነሳም። ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ ጥሩ ዓይነት አለው፤ ግን ገንዘብና ደህና ዕቃ ይፈልጋል።

ጂኮምፕሪ የሚባለውን ግን ፈልጉት። ከሁለት እስከ አስር ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ከመቶ በላይ ትንንሽ ጨዋታዎች አሉት፤ ቁጥር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ሚዛን፣ ሎጂክ። ብዙዎቹ ቋንቋ እንኳ አያስፈልጋቸውም። አንድ ጎረቤት ካወረደው በዜንደር ለሌላው ያስተላልፋል፤ ዳታ አይበላም።

ሌሎች ነፃ ጌሞች ማስታወቂያ ይበዛባቸዋል። ልጁ አንዱን ሲነካ ወደ ሌላ ጌም፣ አንዳንዴም ለልጅ ወደማይሆን ነገር ይወስደዋል። ከመስጠታችሁ በፊት ዳታ አጥፉ፤ ወይም ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ማስታወቂያው በአብዛኛው ይቆማል፣ ካርዳችሁም ይተርፋል። ያለ ዳታ አልከፍትም የሚል ጌም ከሆነ ይቅርባችሁ። ሲጀመርም የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ተጫወቱ። ለማለፍ ምን ማሰብ እንደሚያስፈልግ በሌላ መንገድ አይታወቅም።

ያንን የመኪና ጌም ከልጁ አልነጠቅንም። እናቱ አጠገቡ ቁጭ አለችና ሕግ አወጣች። ጥያቄው ሲመጣ ስልኩን ወደ እሷ ያዞራል፣ ጮክ ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ይነካል። ኬላው ላይ ሰው ቆመበት። ሰባት ጊዜ ስምንትን አሁን ያውቃል።

ኮምቦልቻ የምትኖር እህት አለችኝ፤ በፈረቃ ነው የምትሠራው። የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ትንሹ ቁጥር ማወቅ ሲገባው ጌም እንድልክለት ጠየቀችኝ። ከጌሙ በፊት ስለ አንድ ጥናት ነገርኳት። ሮበርት ሲግለር እና ጊታ ራማኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ትንንሽ ልጆችን ሰሌዳ ላይ በተሠመሩ፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ሣጥኖች አጫወቱ። ሌሎቹን በቁጥር ፈንታ ቀለም ባለባቸው ሣጥኖች። ጨዋታው በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ሰዓት ገደማ። ቁጥሩን የተጫወቱት ልጆች የቁጥር እውቀታቸው ጨመረ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። ቀለሙን የተጫወቱት እንደዚያ አልሆኑም። ሲጫወቱ አንድ ሕግ ነበረ። 4 ላይ ያለ ልጅ 2 ከወጣለት «አምስት፣ ስድስት» እያለ ይሄዳል። «አንድ፣ ሁለት» አይልም። ያን ጊዜ ጣቱ ሲሄድ፣ አፉ ሲናገር፣ ቁጥሩ ሲያድግ አንድ ላይ ይሆናል።

ቅዳሜ ልጠይቃቸው ወረድኩ። ወደ ማታ መብራት ጠፋ። ስልኩም ባትሪው አልቆ ነበር። ሻማ ተለኮሰ። ልጅቷ ከጓዳ የብስኩት ካርቶን ቀድዳ አመጣችና በከሰል አስር ሣጥን አሰመረች። ቁጥሩን ጻፈችበት። ለመጣያ የቆርኪ ክዳን ነው ያገኘችው፤ ፊቱ ከወጣ አንድ፣ ጀርባው ከወጣ ሁለት። ትንሹ ባቄላውን ይዞ 6 ላይ ደርሷል። ቆርኪውን ወረወረ፤ ጀርባው ወጣ።

«አንድ፣ ሁ…» ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ያዘችው።

«አይደለም! ስድስት ላይ ነህ እኮ። ከዚህ ቀጥል።»

ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። ባቄላውን አነሳ።

«ሰባት» አለ። ትንሽ ቆየ። «ስምንት።»